«ኮተት» የተባለው መንኮራኩር

ገርጂ፣ በምኖርበት ግቢ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የጠፈር መንኮራኩር ሠራ። ክንፉ ከተሰበረ የአውሮፕላን መጫወቻ፣ ሆዱ ከሻምፑ ጠርሙስ፣ ጭስ መትፊያው ከእስክሪብቶ ቀፎ ነው። አባቱ «ኮተት!» ብለው ከጥራጊ ጋር ጣሉት፤ በማግስቱም ከቦሌ የሚያብረቀርቅ መጫወቻ ገዙለት። ልጁ አልነካውም።

ለምን ብዬ ብጠይቃቸው «ልጄ ቆሻሻ ሲለቃቅም ሰው ምን ይላል?» አሉኝ።

ሰው ምን እንዳለ ልንገራችሁ። በ1969 ዓ.ም. ለእይታ የበቃውን «ስታር ዋርስ» የሠሩ ባለሙያዎች ለልጆች የሚሸጡ የታንክና የአውሮፕላን ሞዴሎችን ገዝተው፣ ቁርጥራጫቸውን መንኮራኩሮቻቸው ላይ ለጣጥፈዋል። ዓለም አጨበጨበላቸው። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶም እዚሁ ኢትዮጵያ በቀረጸውና በ2007 ዓ.ም. በወጣው «ክረምብስ» ፊልሙ፣ ተራ የፕላስቲክ መጫወቻን እንደ ቅርስ የሚያከብር የወደፊት ዘመን አሳይቶናል።

እኛ ግን በየመድረኩ «ፈጣሪ ትውልድ ጠፋ» እያልን እንጮሃለን፤ ፈጣሪው ከጓዳችን ብቅ ሲል በመጥረጊያ እንቀበለዋለን። ድህነትስ ገጣጥሞ መሥራት አይደለም፤ ገዝቶ ብቻ መኖር ነው።

ጎረቤቴ ሆይ፣ ልጅዎን ይቅርታ ይጠይቁት። የሻምፑውን ጠርሙስ እኔ አመጣለሁ።