ብርድ ነው እየተባለ የሚታለፈው ሕመም

ማናቸውም ሰው ጠላቱን በትክክለኛ ስሙ ካልጠራው በትክክለኛው መሣሪያ ሊዋጋው አይችልም። ሌባ የገባው በመስኮት ሆኖ ሳለ በሩን ብቻ የሚጠብቅ ባለቤት ንብረቱን እንደማያድን ሁሉ፥ የሕመሙን ምክንያት ሳይመረምር በግምት ራሱን የሚያክም ሰውም ጤናውን አያገኝም። ይህ ነገር ይልቁንም እንደ አርሲ ባለ ደጋ አገር ጐልቶ ይታያል፤ አፍንጫ በፈሰሰ፥ ዐይን ባሳከከ፥ ደረት በታፈነ ጊዜ ሁሉ ምክንያቱ አንድ ብቻ ይመስል «ብርድ ነው» ተብሎ ይታለፋልና።

በእርግጥ የደጋው ብርድ ተረት አይደለም። አሰላ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፥ ቁመቱ ከ4000 ሜትር በሚበልጠው በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ከተራራው በኩል የሚመጣው የሌሊት ቅዝቃዜ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ስለ ሆነ፥ ሕዝቡ በርና መስኮቱን ዘግቶ፥ እሳቱን አቀጣጥሎ፥ ጋቢውን ደርቦ ማደሩ ከአባቶች የተወረሰ ልማድ ነው። ልማዱም ምክንያት አለው። ነገር ግን ብርዱን ከውጭ ለማስቀረት የተዘጋው መስኮት ጭሱን፥ አቧራውንና እርጥበቱን ከውስጥ ያስቀራቸዋል። በብርድ የተመካኘውም ሕመም አያሌ ጊዜ የሚነሣው ከዚሁ ከታፈነው ቤት ውስጥ ነው።

ሐኪሞች ይህን ዓይነቱን ሕመም አለርጂ ይሉታል። ክሌሜንስ ፎን ፒርኬ የተባለው የኦስትርያ ሐኪም ስሙን ያወጣለት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1906 ዓመት ሲሆን፥ ከሁለት የግሪክ ቃላት ተውጣጥቶ ሌላ ዓይነት አሠራር ማለት ነው። ነገሩ በምሳሌ ሲገለጥ እንዲህ ነው። በሰው ገላ ውስጥ ከበሽታ ተዋሲያን ጋራ የሚዋጋ ጠባቂ ኀይል አለ። ይህ ኀይል በአንዳንድ ሰው ላይ እንግዳውን ከወንበዴ እንደማይለይ ዘበኛ ይሆንና፥ ጕዳት የሌለውን የአበባ ብናኝ፥ የእህል አቧራ ወይም ምግብ እንደ ጠላት ቈጥሮ ይነሣበታል። በዚያን ጊዜ ገላ ውስጥ ሂስታሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ይፈስሳል፤ አፍንጫ ይዘጋል ወይም እንደ ውሃ ይወርዳል፥ ዐይን ይቀላል፥ ቆዳ ያብጣል፥ የትንፋሽ ቧንቧም ይጠብባል። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በቤተ ዘመድ ውስጥ ግን ከወላጅ ወደ ልጅ የመውረድ ዝንባሌ አለው። ስለዚህ እርግማንም፥ የሚያሳፍር ነገርም አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደ ተባለ፥ የሚጐዳው መደበቁ ነው።

የአርሲ ደጋ የስንዴና የገብስ አገር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ዓመት በስዊድን መንግሥት ረዳትነት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ከተቋቋመ ወዲህ፥ የቁሉምሳም የእርሻ ምርምር ማዕከል የተሻሻሉ የስንዴ ዘሮችን እያወጣ ለገበሬው ካደረሰ ወዲህ፥ የአገሩ አዝመራ ዝናው እየጨመረ ሄዷል። የአጨዳ ወራት በደረሰ ጊዜ በአንዱ ማሳ ኮምባይነር አቧራውን እንደ ደመና ሲያስነሣ፥ በሌላው አውድማ ገበሬው በመንሽና በላይዳ እህሉን ከእብቁ ይለያል። ይህ የበረከት አቧራ ግን ለደረት በረከት አይደለም። የእህል አቧራ የገለባ ስባሪ፥ የሻጋታ ዘር፥ የነቀዝና የልዩ ልዩ ጥቃቅን ተባይ ርጋፊ የተቀላቀለበት ነው። በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለው የኢጣልያ ሐኪም ስለ ሠራተኞች በሽታ በ1700 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ እህል የሚያበጥሩና የሚሰፍሩ ሰዎች በአቧራው ምክንያት በሳልና በትንፋሽ ማጠር እንደሚሠቃዩ ጽፎ ነበር። እንግዲህ ከ300 ዓመት በፊት የታወቀው ነገር ዛሬ በአውድማ ላይ «ብርድ መታኝ» ተብሎ መታለፍ አይገባውም።

ከማሳው ወደ ቤት ሲገባ ደግሞ ሌሎች ምክንያቶች ይገኛሉ። ከፍራሽና ከትራስ ውስጥ ከሰው ገላ የሚረግፈውን ቆዳ እየበላች የምትኖር፥ በዐይን የማትታይ ጥቃቅን ተባይ አለች፤ እርጥበት ባለበትም ትራባለች። ክረምቱ ሲበረታ በግድግዳና በጐተራ ላይ ሻጋታ ይወጣል። ከድመት፥ ከፈረስና ከከብት ቆዳ የሚረግፈው ብናኝም አንዳንዱን ሰው ይቀሰቅሰዋል፤ ስለዚህ ከብት ከሰው ጋራ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድርበት ቤት ለታማሚው ሁለት ጊዜ ይከብደዋል። ለዓመት በዓል የሚጐዘጐዘው ሣርም ውሎ ሲያድር ሻጋታ ይቋጥራል።

የኩበቱ፥ የእንጨቱና የዕጣኑ ጭስ ራሱ አለርጂ ባይባልም፥ አስቀድሞ የተቈጣውን የትንፋሽ ቧንቧ ያባብሰዋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ዓመት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል። ከምድጃው አጠገብ ብዙ ሰዓት የምትውለው እናት ናት፤ በጀርባዋ የታዘለው ሕፃንም የእርስዋን ያህል ይተነፍሳል። ያ ሕፃን ሲያስነጥስና ሲያስል ብርድ እንዳይነካው ተብሎ ወደ ምድጃው ይበልጥ መቅረቡ፥ በእሳት ላይ ጭድ እንደ መጨመር ነው።

የከተማ ሰው ይህ ነገር የባላገሩ ብቻ ነው ብሎ እንዳይዘናጋ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በጅማ ከተማና በአካባቢዋ ገጠር ተደርጎ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ዓመት ላንሴት በተባለው የሐኪሞች መጽሔት የታተመው ጥናት፥ አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዛ አሳይቷል። አሰላም ዩኒቨርሲቲና ፋብሪካ ያላት፥ ከቀን ወደ ቀን የምትሰፋ ከተማ ስለ ሆነች፥ ምንጣፍና መጋረጃ በበዛበት ቤት የሚኖረው ነዋሪዋ ከገበሬው ይበልጥ መጠንቀቅ ይገባዋል እንጂ አያንስም።

ታዲያ ብርድን ከአለርጂ ለመለየት የሚያስፈልገው ትልቅ መሣሪያ አይደለም፤ ማስተዋል ነው። ጕንፋን ብዙ ጊዜ ትኵሳትና የገላ ቍርጥማት ያመጣና በአንድ ሳምንት ወይም በ10 ቀን ውስጥ ይለቃል። አለርጂ ግን ትኵሳት የለውም፤ አፍንጫንና ዐይንን ያሳክካል፥ ፈሳሹ እንደ ውሃ የጠራ ነው፥ በአንድ ወራት፥ በአንድ ቦታ ወይም በአንድ ሥራ ጊዜ እየተመላለሰ ይነሣል። የቤቱ አባት ወይም እናት ለአንድ ወር ያህል ሕመሙ በየትኛው ቀን፥ በየት ቦታ፥ ምን ሲሠራ ወይም ምን ሲበላ እንደ ተነሣ በደብተር ቢጽፉ፥ ሐኪሙ በብዙ ጥያቄ የሚፈልገውን ነገር አዘጋጅተው ይቀርባሉ። ነገር ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቈየ ሳል ብርድም አለርጂም ነው ተብሎ በቤት ሊፈረድበት አይገባም፤ የሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን በጤና ጣቢያ አክታን ማስመርመር ግዴታ ነው።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ የቤቱ መድኃኒት አብዛኛው ርካሽ ነው። ንጹሕ አየር ይግባ ሲባል ሕፃን በሌሊት ቍር ይመታ ማለት አይደለም። በአርሲ ደጋ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ትሞቃለች፤ በዚያን ሰዓት በርና መስኮት ተከፍቶ ቤቱ ቢናፈስ፥ ማታ ተዘግቶ ቢታደር ሁለቱም ጥቅም ይገኛል። በአጠገብ ኮምባይነር በሚሠራበት ወይም አውድማ በሚዘራበት ሰዓት ግን መስኮቱን መዝጋት ይሻላል። ፍራሽና ብርድ ልብስ በፀሐይ ይሰጣ፤ አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በጣም በሞቀ ውሃ፥ ይኸውም 60 ዲግሪ ያህል በደረሰ ውሃ ይታጠብ። ወለሉ ሳይጠረግ በፊት ውሃ ይርከፍከፍበት። ማድ ቤቱ ቢቻል ከመኝታው ይለይ፤ ባይቻል ጭስ መውጫ ይበጅለት። ቡናው ሲቈላና ዕጣኑ ሲጨስ፥ በርበሬውም ሲታመስ፥ አስም ያለበት ሰው ከክፍሉ ወጣ ይበል፤ ይህም ባለቤቲቱን መናቅ ሆኖ መቈጠር የለበትም። እህል የሚያበራይ ሰው አፍንጫውንና አፉን አጥብቆ ይሸፍን፤ ነጠላ ከምንም ይሻላል፥ ደኅና ሆኖ የሚገጥም ጭምብል ግን ከነጠላ ይበልጣል። ከሥራ ሲመለስም ልብሱን ወደ መኝታው ሳያስገባ በደጅ አራግፎ ይታጠብ።

ስለ ምግብ የሚደረገው ጥንቃቄ ግን በመጠን ይሁን። እንቍላል፥ ወተት፥ ለውዝ፥ ሰሊጥ፥ ዓሣና ስንዴ አንዳንዱን ሰው እንደሚጐዱ እውነት ነው። ሆኖም አንድ ቀን ሽፍታ ስለ ወጣበት ብቻ፥ ያለ ሐኪም ምክር ከሕፃን አፍ ወተትና እንቍላልን መንጠቅ አንዱን ሕመም ሸሽቶ ወደ ሌላው፥ ማለት ወደ ምግብ እጦት መግባት ነው።

መድኃኒትም በሥርዓት ካልተወሰደ ሌላ ጠላት ይሆናል። ማሳከክንና ማስነጠስን ከሚያስታግሡት ክኒኖች ውስጥ እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉት እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ይህን ውጦ መኪና ወይም ኮምባይነር መንዳት ለራስም ለሰውም አደጋ ነው። ሴትሪዚንና ሎራታዲን የሚባሉት እንቅልፋቸው ያነሰ ነው። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ፈጥነው ስለሚያሽሩ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዙ ሰዎች ይገኛሉ፤ ነገር ግን እነዚህ ለብዙ ጊዜ ሲወሰዱ አጥንትን ያደክማሉ፥ ስኳርንና የደም ግፊትን ያስነሣሉ። በአስም ረገድ ደግሞ «በአፍ የሚነፋው መድኃኒት ሱስ ያስይዛል» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ጐድቷል። ወሬው ሐሰት ነው። የሚነፋው መድኃኒት በቀጥታ ወደ ሳንባ ስለሚገባ በትንሽ መጠን ይሠራል፤ ሱስም አይሆንም። እውነተኛው አደጋ ለጊዜው ትንፋሽ የሚከፍተውን ሳልቡታሞልን ብቻ ይዞ፥ የቧንቧውን ቍጣ የሚያበርደውንና በየቀኑ የሚወሰደውን መድኃኒት መተው ነው።

ከሁሉ በላይ መዘግየት የማይፈቀድበት ጊዜ አለ። ምግብ ከተበላ፥ ንብ ከነደፈ ወይም መርፌ ከተወጋ በኋላ ከንፈርና ምላስ ቢያብጥ፥ ድምፅ ቢዘጋ፥ ትንፋሽ ቢያጥር፥ ራስ ቢያዞርና ሰውየው ቢዝለፈለፍ፥ ወተት ማጠጣትም ሆነ ነገ ይሻለዋል ማለት አይገባም። ለዚህ ሕመም የመጀመሪያው መድኃኒት በጭን ጡንቻ ላይ የሚወጋው አድሬናሊን ስለ ሆነ፥ ታማሚውን እንዲራመድ ሳያደርጉ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። አስም ያለበትም ሰው አንድ ዐረፍተ ነገር ተናግሮ መጨረስ ካቃተው፥ ከንፈሩ ከጠቈረ፥ የሕፃኑም የጎድን አጥንት መካከል በትንፋሽ ጊዜ ወደ ውስጥ ከተሳበ እንዲሁ ይደረግ። ፔኒሲሊን ወይም ሌላ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ደግሞ ይህን በወረቀት ጽፎ ይያዝ፤ መርፌ ከመወጋቱም በፊት ለሐኪሙ ይንገር።

ይህን ሁሉ ለመፈጸም የቤተ ሰቡ ትጋት መሠረት ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓመት በተጀመረው ሥርዓት ወደየቤቱ የሚደርሱት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ንጽሕና ሲያስተምሩ ስለ ጭስና ስለ ታፈነ አየርም ጨምረው ቢያስረዱ፥ የኮምባይነር ባለቤቶችና የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበሮች ከዘርና ከማዳበሪያ ጋራ ስለ ሠራተኛው ጭምብል ቢያስቡ፥ መምህራንም ስፖርት ላይ የሚያፍነውን ልጅ ሰነፍ ከማለት ይልቅ ወላጆቹን ቢያማክሩ፥ ብዙ ደረት ያርፋል።

የአርሲ ስንዴ የብዙ ሰው ማዕድ ይሞላል። ያን ስንዴ የሚያጭደው ክንድ፥ እንጀራውን የምትጋግረው እናት፥ ከምድጃውም ዳር የሚያድገው ሕፃን ከአዝመራው ያነሰ ጥበቃ ሊደረግላቸው አይገባም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፥ ዛሬ በቀትር የሚከፈት አንድ መስኮትና በማስተዋል የሚጻፍ አንድ ደብተር፥ ነገ በሌሊት ሐኪም ቤት ፍለጋ ከመሮጥ ያድናሉ።