የብየዳ ማሽኑን ገዛን፤ ማስኩስ?



በአዘና ብቻ ሳይሆን በእንጅባራም በዳንግላም ነገሩ አንድ ነው። ሥራ ያጣ ወጣት ከዘመድ ተበድሮ ወይም እቁብ ደርሶት አንድ የብየዳ ማሽን ይገዛል። በቤተሰቡ ግቢ የቆርቆሮ ጥላ ይሠራና በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ የጋሪ ብረት መበየድ ይጀምራል። ይህ የሚያስደስተን ነገር ነው። ብረት ሠሪን «ቀጥቃጭ» እያለ ሲሰድብ በኖረ አገር፣ አጼ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከማስነገር በደረሱበት አገር፣ ወጣቱ በእጁ ሙያ ሐላል ሪዝቅ ሲፈልግ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ቅሬታችን ሌላ ነው። ለማሽኑ ብዙ ሺህ ብር ያወጣው ወንድማችን ማስክ ላይ ሲደርስ ኪሱ ይደርቃል።

ማስክ ቢኖር እንኳ አንድ ነው፤ የሚያደርገው ደግሞ ባለማሽኑ ነው። ብረቱን የሚይዝለት ረዳት፣ ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤት መልስ የሚመጣ ልጅ፣ ፊቱን ዞር አድርጎ ይቆማል። ዞር ማለት አያድንም። ጨረሩ በጎን ይገባል፣ ከቆርቆሮው ግድግዳም ነጥሮ ይመለሳል።

ከእኛ መካከል አንዱ እንዲህ ያለ ረዳት ነበር። ቀን ምንም አልተሰማውም። ሌሊት ላይ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነበት ያህል ሆኖ ተነሳ፤ እንባው አልቆም አለ፣ የስልክ መብራት እንኳ ማየት አቃተው። እናቱ ድንች ቆርጠው ዓይኑ ላይ አስቀመጡለት (በአዊ ድንች የማይገባበት ነገር የለም መቼስ)። በሁለተኛው ቀን ሻለው፤ ድንቹ ነው ያዳነኝ ብሎም ዓመት ሙሉ ያለማስክ ብረት ሲይዝ ከረመ። እውነቱ ግን ጨረሩ የዓይንን የላይኛ ሽፋን አቃጥሎታል፣ ያ ሽፋን ደግሞ በአንድና በሁለት ቀን ራሱን ይተካል። ሕመሙ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ስለሆነ ብዙዎች ከብየዳው ጋር አያያይዙትም። የሚያደነዝዝ ጠብታ እየገዙ ደጋግሞ መጨመር ቁስሉን ያብሳል። በሁለት ቀን ካልተሻለ ወይም ዕይታ ከደበዘዘ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

የፀሐይ መነጽር ለዚህ ሥራ አይሆንም። የማስኩ መስታወት ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ለ2.5 እና ለ3.2 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ በተለመደው አምፔር 10 ወይም 11 ቁጥር ይበቃል። ቁጥር ያልተጻፈበት ጥቁር መስታወት ምን ያህል እንደሚከላከል አይታወቅምና አትግዙት። «ማስክ ካደረግሁ መስመሩ አይታየኝም» የሚል ወንድም በራሱ የሚጠቁር ማስክ መጠቀም ይችላል። ከተራው ይወደዳል፤ ከዓይን ግን ይረክሳል።

ወደ ቤቱ እንግባ። በ3.2 ኤሌክትሮድ የሚበይድ ማሽን ከመስመሩ 20 አምፔርና ከዚያም በላይ ሊስብ ይችላል። የቤታችን ሶኬት ለዚህ አልተሠራም። ሶኬት ውስጥ በባዶው የሚሰካ ሽቦ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ቅጥያ፣ በፍራሽ ሥር የሚያልፍ ገመድ እሳት ናቸው። ለማሽኑ ከቆጣሪው ራሱን የቻለ ወፍራም የመዳብ መስመር ከነብሬከሩ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስዘርጋት፣ የመሬት ሽቦውንም አለመቁረጥ ግዴታ ነው። ጎረቤትም ሐቅ አለው፤ እኛ በበየድን ቁጥር የእሱ አምፖል ብልጭ ድርግም ካለ መስመሩ እየታገለ ነው ማለት ነው።

የእኛ አገር ክረምት ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ማሽኑ ሳይበየድበት መያዣው ላይ የሚቆየው ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 80 ቮልት ነው። በደረቅ እጅና በደረቅ ጫማ ብዙም አይሰማም፤ ጭቃ ላይ ቆሞ በረጠበ ጓንት ለያዘው ግን ሊገድል ይችላል። እግር ሥር ደረቅ ጣውላ ማንጠፍ ምንም ወጪ የለውም። ኤሌክትሮዱም እርጥበት ይስባልና በተዘጋ ዕቃ ይቀመጥ።

ባዶ የናፍጣ ወይም የቤንዚን በርሜል፣ የባጃጅ ታንከርም ቢሆን፣ «ባዶ ነው» ተብሎ አይበየድም። የሚፈነዳው በውስጡ የቀረው ትነት ነው። ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። ወተት መጠጣት ጭሱን ከሳንባ አያወጣም፤ የሚረዳው ቅቡን ሞርዶ ማስለቀቅና ነፋስ ባለበት መሥራት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳን ጭስ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል።

ማሽኑን በተመለከተ ደግሞ፣ ኢንቨርተርን በአብዛኛው የሚገድለው የግራይንደር ብናኝ ነው። ማራገቢያው ብናኙን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ብረት ስለሆነም ካርዱን ያገናኘዋል። ግራይንደሩን ራቅ አድርጎ መሥራት፣ በየጊዜውም ማሽኑን ነቅሎ ትንሽ ቆይቶ በደረቅ አየር መንፋት ይገባል። ሰሌዳው ላይ 60 ከመቶ የሚል ካለ በተጻፈው አምፔር ከ10 ደቂቃ 6ቱን መበየድ፣ 4ቱን ማሳረፍ ማለት ነው። የሙቀት መብራቱ ሲበራ ብዙዎች ማሽኑን ያጠፋሉ፤ ማራገቢያው እንዲያቀዘቅዘው እንደበራ መተው ነው የሚሻለው።

ወደ ረዳቱ እንመለስ። ወላጆቹ ልጃቸውን ሙያ ይማርልን ብለው ሲልኩት አማና ሰጥተዋል። አቋማችን ግልጽ ነው፤ ሁለተኛ ማስክ የሌለው ሱቅ ረዳት መቅጠር የለበትም። እስኪገዛ ድረስ ብረቱን ሞርሳ ይያዘው፤ ልጁም ከጥላው ውጪ ጀርባውን ሰጥቶ ቆይቶ፣ ብየዳው ሲያልቅ መጥቶ ዝገቱን ይጥረግ።