ስልጠናው ከሆቴል ይውጣ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። አሁን ትልቅ ቦታ ደርሷል፣ ደስ ይለኛል። «ጋሼ፣ ለፖሊሲ አውጪዎች የሦስት ቀን ስልጠና አዘጋጅተናል። ድሃውን የገጠር ሰው የሚጠቅም የግብርና ፖሊሲ እንዴት ይወጣል የሚል ነው። እርስዎ ይስጡልን» አለኝ። የት ነው ስለው፣ «ቢሾፍቱ፣ ሐይቁ ዳር» አለ።

አልመጣም አልኩት። ብዙዎቻችሁ በዚሁ ሥራ ላይ ስለሆናችሁ ምክንያቴን እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ራሴን ልክሰስ። እንዲህ ያለ ስልጠና ለዓመታት ሰጥቻለሁ። ስላይድ አሳይቻለሁ፣ በቡድን አወያይቻለሁ፣ አበሌንም ፈርሜ ወስጃለሁ። አንድ ቀን በሻይ ሰዓት አንድ ሠልጣኝ «በሬ የሌለው ገበሬ መሬቱን ምን ያደርገዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰውየው ዕቅድ የሚያጸድቅ ኃላፊ ነው። ያሳፈረኝ የሱ አለማወቅ አይደለም። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ሳወራ ይህን አንዴም አለማንሳቴ ነው።

መልሱን የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። መሬቱን ለእኩል ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜ የምትሰጠው ባሏ የሞተባት ሴት ነች፣ ወይም ጉልበት የከዳው ሽማግሌ። በሬ ያለው ያርሳል፣ ምርቱን ይካፈላሉ። እንግዲህ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ አቀረብን ስንል ማን እጅ ነው የሚገባው? የሚያርሰው እጅ። የልማት ሠራተኛውም ኮታ ስላለበት ቶሎ ወደሚሳካለት «ሞዴል» ገበሬ ይሄዳል። በልጁ አልፈርድም፤ ኮታውን የሰጠነው እኛ ነን።

የ1994ቱን በቆሎ ታስታውሳላችሁ? በ1987 የተጀመረው ፓኬጅ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ እየሰጠ «አምርቱ» አለ። ገበሬውም አመረተ። ጥሩ ዓመታት ተከታትለው መጡና የበቆሎ ዋጋ ከግማሽ በላይ ወረደ። የማዳበሪያ ዕዳው ግን አልወረደም። በሬ ሸጠው ዕዳ የከፈሉ ነበሩ። በማግስቱ ድርቅ መጣ፤ በ1995 ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ምርት ጨምር ያለው ፖሊሲ «ማን ይገዛዋል?» ብሎ አልጠየቀም ነበር።

በ2000 የምርት ገበያ ሲከፈት በበቆሎና በስንዴ ነበር የጀመረው። ብዙም ሳይቆይ ዋና ሥራው ቡናና ሰሊጥ ሆነ። ለውጭ ንግዱ ጠቅሟል፣ አልክድም። የበቆሎ ገበሬው ጥያቄ ግን እዚያው ቀረ።

«ታዲያ ስልጠና ይቅር ነው የምትለው?» ትሉኝ ይሆናል። ኧረ አላልኩም! በ1997 የተጀመረውን ሴፍቲኔት እዩ። ጉድለቱ ብዙ ነው። ነገር ግን መነሻው «የሚርበው ማን ነው? በየትኛው ወር ነው የሚርበው?» የሚል ጥያቄ ነበር። ጉልበት ላለው ሥራ፣ ለሌለው ቀጥታ ድጋፍ ተባለ። ከድሃው ተነስቶ ማቀድ ይቻላል ማለት ነው።

ስለዚህ ለተማሪዬ ይህን አልኩት።

ስልጠናው በነሐሴ ይሁን፣ ጎተራው ባዶ በሆነበት ወር። በጥር የሄደ ባለሥልጣን ጥጋብ አይቶ ነው የሚመለሰው።

እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ቁጭ ብሎ የዓመቱን ሒሳብ ይሥራ። ስንት ጥማድ፣ ስንት ኩንታል፣ ለዘር ስንት፣ ለዕዳ ስንት፣ የቀረው ለስንት ወር ይበቃል? ሞዴል ገበሬ ቤት ሳይሆን መሬቷን ለእኩል የሰጠችው ቤት።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ረቂቅ ሦስት ጥያቄ ይጠይቀው። በሬ የሌላት ሴት ከዚህ ምን ታገኛለች? ዝናብ ቢቀር ዕዳውን ማን ይከፍላል? ምርቱ ቢበዛስ ማን ይገዛል? መልስ ከሌለው አይፈርም። በቃ።

ልጁ ትንሽ ዝም አለና «ጋሼ፣ ነሐሴ እኮ መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪና አይገባም» አለኝ።

እሱን ነው እኮ የምለው! መኪና በማይገባበት ወር ገበሬው ማዳበሪያውን በአህያ ነው የሚያስገባው። ያም አንድ ትምህርት ነው። ይህን ካደረጋችሁ እመጣለሁ፣ አበልም አልፈልግም።

ወረዳና ቀበሌ ላይ የምትሠሩ ተማሪዎቼ፣ ከእኔ የበለጠ እናንተ ታውቃላችሁና የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። ዝም ግን አትበሉ።