የተለወጠ መኪና፣ ያልተለወጠ ፍሬን፦ ከላስታ ቁልቁለቶች የተነሣ አስተያየት

ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም በእግሩ የሚወጣ መንገደኛ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ሲደርስ ትንፋሹ ያጥራል፤ አየሩ ስስ ነውና። ይኸው ስስ አየር የመኪናንም ፍሬን እንደሚያደክም ግን እምብዛም አይነገርም። በላስታ መንገዶች ከሚመላለሱት ላንድክሩዘሮችና ፒክአፖች መካከል ጎማቸው የተለቀ፣ ባሌስትራቸው የተደረበ፣ ጣሪያቸው ላይ የዕቃ መጫኛ የተበየደላቸው አይታጡም። ፍሬናቸው ደከመ ሲባል ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚቀየረው ሸራው ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የፍተሻው መነሻ ሸራው ሳይሆን በመኪናው ላይ የተደረገው ለውጥ ሊሆን ይገባል የሚል ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ከፍታው ነው። የአየር ግፊት በባሕር ጠለል 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን በ2,500 ሜትር ላይ ወደ 75 ይወርዳል። የሾፌሩን እግር የሚያግዘው የቫኪዩም ክፍል የሚሠራው በውጭው አየርና በቫኪዩሙ መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ስለሆነ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ እገዛ በሩብ ያህል ይቀንሳል። በዚህ ላይ የጎማው ራዲየስ ከ38 ወደ 42 ሴንቲ ሜትር ቢያድግ፣ ያው ፍሬን መሬት ላይ የሚያሳርፈው የመግቻ ኃይል ወደ 10 በመቶ ገደማ ያንሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ከዓይን የተሰወረ ነው። በብዙ ፒክአፖች ላይ ወደ ኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የሚወስን፣ ከኋላ አክሰል ጋር በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አለ። የመኪናው ኋላ በጭነት ዝቅ ሲል ቫልቩ ግፊቱን ይጨምራል፤ ከፍ ሲል ይቀንሳል። ባሌስትራ ተደርቦ መኪናው ከፍ ካለና ዘንጉ ካልተስተካከለ ቫልቩ የተጫነውን መኪና ባዶ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ የኋላው ፍሬንም ይለግማል። ሸራ በሸራ ላይ ቢቀየር ይህ አይድንም።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። 3 ቶን የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ሲወርድ 14.7 ሜጋ ጁል ኃይል ይለቃል፤ ይህም 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ካልወረደ አብዛኛው በዲስክና በታምቡር ላይ ያርፋል። ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል።

ስለዚህ መካኒኩ ጥያቄውን ከፔዳሉ ይጀምር። ፔዳሉ ደርቆ መኪናው አልቆም ካለ የቫኪዩሙ ክፍልና ቱቦው ይታዩ። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር ወይም ያረጀ ዘይት አለ። ጠዋት ደህና ሆኖ ቁልቁለት ላይ የሚከዳ ፍሬን የሙቀት ነገር ነው። ጭነት ሲኖር ብቻ የሚደክም ከሆነ ደግሞ የኋላው ቫልቭ ይመርመር።

መኪና መለወጡ ይከልከል የሚል ወገን ሊኖር ይችላል። ይህ ግን የመንገዱን ጠባይ መዘንጋት ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ነባሮቹን መኪኖች እየጠገኑና እየለወጡ ማቆየት የባሰ አስፈላጊ ይሆናል። መፍትሔው ለውጡን መመዝገብና ፍሬኑን ከለውጡ በኋላ ዳግም መለካት ነው። ዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራም የተለወጠን መኪና ባዶውን ብቻ ሳይሆን ጭኖ ቢፈትሸው ይበጃል፤ ቁልቁለቱን የሚወርደው ከነጭነቱና ከነተሳፋሪው ነውና።