የወጣት ሚዛን ለጎልማሳ አካል

በየማሠልጠኛ አዳራሹ ሥር ሰዶ የኖረ፣ አሠልጣኝ ለደቀ መዝሙሩ፣ ደቀ መዝሙሩም በተራው ለታናሹ ሲያወርሰው የመጣ አንድ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም የካራቴን፣ የቴኳንዶን ወይም የጁዶን ጥበብ የያዘ ሰው በሃያ ዓመቱ የሠራውን በሃምሳ ዓመቱም ሳያጓድል መሥራት አለበት፣ ካልሆነለት ግን ቀበቶውን ሰቅሎ ለወጣቶች ቦታ ቢለቅ ይሻለዋል የሚል ነው። ወኔ መስሎ ስለሚታይ ብዙዎች ተቀብለውታል፤ እኔ ግን የስንፍና ልጅ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ለእያንዳንዱ ዕድሜ የሚገባውን ለይቶ ማስተማር የታከተው አሠልጣኝ የራሱን ድካም በሠልጣኙ ሥጋ ላይ ያሳብባልና።

ነገሩ እንዴት እንደሚፈጸም ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በማለዳ፣ ሰውነቱ ገና ሳይሟሟቅ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሠልጣኝ እግሮቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ስፕሊት እንዲወርድ ይታዘዛል፤ አልወርድ ሲለው «ማስተር» የሚባለው ጎረምሳ ከኋላው መጥቶ በሁለት እጁ ትከሻውን ቁልቁል ይጫነዋል፤ እርሱም በልጆቹ እኩዮች ፊት «በቃኝ» ማለት ነውር ሆኖ ስለሚታየው ጥርሱን ነክሶ ዝም ይላል። ጡንቻ ደም እንደ ልብ የሚመላለስበት ስለሆነ ቢጎዳ ቶሎ ያገግማል፤ ጅማት ግን የደም ድርሻው ጥቂት፣ በዕድሜም ብዛት የመለጠጥ ባሕርዩ እየቀነሰ የሚሄድ በመሆኑ፣ የአንዲት ማለዳ ጭነት ለወራት የሚዘልቅ ሕመም ልታተርፍለት ትችላለች። ከዚህ የሚከፋው ማነቅ ነው፤ በጁዶ አንገት ሲታነቅ የሚጫኑት ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱት ሥሮች ናቸውና፣ ሥሮቹ በዘመን ብዛት የጠበቡና የደደሩ ሰው ከወጣቱ ጋር በአንድ ሕግ ሊታነቅ አይገባውም። ነገር ግን «የደም ግፊት አለብዎት ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አሠልጣኝ ስንት ነው?

የዚህ ልማድ ጠበቆች «የጥንት ሥርዓት ነው» ይላሉ። እስቲ ጥንቱን እንመርምረው። የጁዶ መሥራች ካኖ ጂጎሮ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ዓ.ም. በቶክዮ ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት ሲመሠርቱ፣ ከቀደመው የጁጁትሱ ትምህርት እጅግ አደገኛ የሆነውን ከነጻው ፍልሚያ አውጥተው ካታ በሚባለው፣ እንቅስቃሴው አስቀድሞ በተደነገገ ሥርዓት ብቻ እንዲጠና አደረጉ፤ አወዳደቅንም የትምህርቱ መሠረት አደረጉት። «ጁ ኖ ካታ» የሚባለው ዐሥራ አምስት ስልቶች ያሉት ሥርዓታቸው ደግሞ ማንም ማንንም መሬት ላይ የማይጥልበት፣ በዘወትር ልብስ እንኳ ሊሠራ የሚችል ነው። የዚሁ ካታ ሊቅ የሆኑት ደቀ መዝሙራቸው ወይዘሪት ኬይኮ ፉኩዳ፣ በ1913 ተወልደው፣ መቶ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው በ2013 ዐረፉ፤ ዘጠናን ካለፉ በኋላም በሳን ፍራንሲስኮ ያስተምሩ ነበር፤ የአሜሪካ የጁዶ ማኅበርም በ2011 ዐሥረኛውን የዳን ማዕረግ ሰጣቸው። በእኛ ማስተሮች ሚዛን ቢሆን ኖሮ እኒህ ሴት ገና በሃምሳ ዓመታቸው ቀበቶአቸውን በሰቀሉ ነበር። ለደከመ አካል መደገፊያ መስጠት በእኛም ዘንድ እንግዳ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት የሚቆሙ ካህናት መቋሚያ ቢደገፉ ጸሎታቸው ጎደለ የሚል አላጋጠመኝም።

ቤተ ዘመድም በበኩሉ «አሁንስ ይብቃህ፣ አርፈህ ተቀመጥ» ይላል፤ የማይሠራ ጡንቻ በጎልማሳነት ፈጥኖ እንደሚመነምን ሳያስብ። ይህ ምክር ከማስተሩ ፍርድ የተለየ አይምሰል፤ ሁለቱም ከወጣቱ በቀር ሌላ መለኪያ አያውቁም።

ስለዚህ በአየር ላይ ዘሎ ጣውላ መስበር የሃምሳ ዓመት ሰው የቀበቶ ፈተና መሆኑ ይቅር፤ በምትኩ በአንድ እግሩ ሲቆም ሚዛኑን መጠበቁ፣ አወዳደቁ፣ የርቀት ግምቱ፣ ታናሹን ሳይጎዳ ማለማመዱ ይመርመር። ይህን ዓይነቱን ፈተና ማዘጋጀት አልችልም የሚል ማስተር ካለም ከጎልማሶች ወርኀዊ ክፍያ መቀበሉን ያቁም።