ከአንድ ገበታ እየበሉ ካሎሪ እንዴት ይቆጠራል?



ባለፈው ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ ከዋግ ኽምራ፣ ከአበርገሌ ወረዳ፣ ከኒሯቅ የተላከ ነው። ጸሐፊው 65 ኪሎ የሚመዝን ወጣት ባል ነው። ማታ ማታ ስሚንቶ የተሞላ ጣሳ በብረት አያይዞ ያነሣል። “ኪሎዬ ሳይጨምር ጡንቻዬ እንዲጠነክር ስንት ካሎሪ ልብላ? 2,100 ይበቃኛል?” ይላል። ከደብዳቤው ግርጌ በሌላ እጅ ጽሕፈት አንድ መስመር ተጨምሯል፦ “እንቁላሉን ሁሉ እሱ ይጨርሰዋል፤ እኔ የአራት ወር ሕፃን አጠባለሁ።” እኛም ለሁለቱም እንመልሳለን፤ ባለትዳሮች አብራችሁ አንብቡት።

ወንድሜ፣ 2,100 የሚለውን ቁጥር ከእርዳታ እደላ ጋር ተያይዞ ሰምተኸው ይሆናል። በችግር ጊዜ ራሽን ሲታቀድ ለአንድ ሰው በቀን የሚያዝ አማካይ ነው። ሕፃኑም ሽማግሌውም አብረው ተቆጥረው የወጣ በመሆኑ የአንተ ልክ አይደለም። ለራስህ ለመገመት ኪሎህን ከ30 እስከ 35 ባለ ቁጥር አባዛ፤ ከ1,950 እስከ 2,275 ይሆናል። ቢሮ የሚውል ወደ ታችኛው ይጠጋል፣ በኒሯቅ ፀሐይ ከቀበሌ ቀበሌ በእግሩ የሚዞር ወደ ላይኛው፤ እርከን የሚሠራ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። አንተ 2,200 ብለህ ጀምር።

ይህ ግምት ነው። እውነቱን የሚነግርህ ሚዛን ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ተመዘንና አማካዩን ያዝ። የእህል ነጋዴ ባስኩላም ያገለግላል፤ ሰው ቢስቅብህ ይሳቅ። በቆላ ላብ ብቻውን በአንድ ቀን ከኪሎ በላይ ሊያወርድ ስለሚችል በአንድ ልኬት አትደንግጥ። አማካይህ በሁለት ሳምንት ግማሽ ኪሎ ከጨመረ በቀን 150 ካሎሪ ቀንስ፤ ከወረደ ያንኑ ጨምር። ኪሎህ ባለበት ቆሞ፣ ቀበቶህ ሳይጠብ፣ የምታነሣው ክብደት ከወር ወር ካደገ ልክህን አግኝተሃል። በጾም ጸሎት ቀን የጎደለውን በማግስቱ ለማካካስ አትሩጥ፤ የሚታየው የሳምንቱ ድምር ነው።

ካሎሪ ብቻውን ግን ጡንቻ አይሆንም። ለእያንዳንዱ ኪሎህ በቀን ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግሃል፤ ለአንተ ከ78 እስከ 104 ግራም መሆኑ ነው። በቀን 400 ግራም የጤፍና የማሽላ ዱቄት ወደ 1,400 ካሎሪና 45 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። 100 ግራም ምስር 350 ካሎሪና 24 ግራም ፕሮቲን አለው። ሁለት ሾርባ ማንኪያ ዘይት 240 ካሎሪ ነው፤ ፕሮቲን ግን የለውም። ይህ ብቻ 69 ግራም አስገኘልህ። ከዚህ ላይ 100 ግራም የበሰለ የፍየል ሥጋ ብትጨምር ወደ 27 ግራም ታገኛለህ፤ የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በዋግ በኩል የሚጠመደው ቆሮሶ ዓሣም ከዚህ ብዙ አያንስም። በየቀኑ ሥጋ መብላት ለብዙዎቻችን የማይሞከር ነው። ሥጋ በሌለበት ቀን ከዱቄቱ 100 ግራም ቀንስና በምትኩ 100 ግራም ምስር ወይም ሽሮ ጨምር። ካሎሪው ብዙም ሳይለወጥ ከዚያ ዱቄት የምታገኘው ፕሮቲን እጥፍ ይሆናል።

ችግሩ የምትበሉት ከአንድ ትሪ መሆኑ ነው። እጅ በእጅ እየተጎራረሱ ማን ስንት እንደበላ ማን ይቆጥራል? ስለዚህ ከትሪው ላይ አትቁጠሩ፤ ከዱቄት ዕቃውና ከዘይት ጀሪካኑ ቁጠሩ። ሰኞ ዱቄቱን መዝኑ፣ እሑድ ማታ የተረፈውን መዝኑ፣ ልዩነቱን አካፍሉ። አንድ ሊትር ዘይት ለሁለት በ10 ቀን የሚያልቅ ከሆነ እያንዳንዳችሁ በቀን 400 ካሎሪ ያህል በዘይት ብቻ እየጠጣችሁ ነው። እንግዳ የበዛበትን ሳምንት ከሂሳቡ አውጡት፤ እንግዳን አንመዝንም።

አሁን ወደ ግርጌዋ መስመር እንምጣ። ባለቤትህ 55 ኪሎ ብትሆን ለራሷ ወደ 1,750 ካሎሪ ያስፈልጋታል። የአራት ወር ሕፃን በጡት ብቻ የምታሳድግ እናት ደግሞ በዚያ ላይ 500 ያህል ትጨምራለች። ድምሩ 2,250 ነው፤ ከአንተ ይበልጣል! ብረት የምታነሣው አንተ ብትሆንም ብዙ መብላት ያለባት እሷ ናት። እናት ስትጎዳ ሕፃኑም ይነካል። መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል “የሰቆጣ ቃል ኪዳን” የተባለው በአካባቢያችሁ ከተማ ስም ነው።

ስለዚህ በቤት ሦስት እንቁላል ካለ ሁለቱ የእሷ ናቸው። ያንተን ጉድለት ምስሩ ይሞላዋል። ባስኩላው ጋ ስትሄድም ይዘሃት ሂድ፤ ኪሎዋ በየሳምንቱ እየወረደ ከሆነ የአንተን ቁጥር ትተህ መጀመሪያ የእሷን አስተካክል።