ሐኪም በሌለበት የሠራተኛው መብት ከወረቀት አያልፍም
በዝዋይ ሐይቅ ዳር ባሉ የአበባ እርሻዎች የሚውሉት ሠራተኞች ጎረቤቶቻችንና ተከራዮቻችን ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ እንዲያገኝ ይደነግጋል፤ ነገር ግን የሕክምና ማስረጃ ይጠይቃል። በጤና ጣቢያው የአእምሮ ሕመምን የሚያውቅ ባለሙያ ከሌለ ማስረጃውን ማን ይሰጣል? የድብርት ሕመም ያደከማት እናት «ከሥራ ቀረሽ» ተብላ ትሰናበታለች፤ ጦሱ ለልጆቿም ይተርፋል።

የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የአእምሮ ሕሙማንን ማከም እንደሚችሉ በሶዶ ወረዳ በተግባር ታይቷል። ስለሆነም እኛ ብንመረጥ በሰፋፊ እርሻዎች አካባቢ በሚገኙ ጤና ጣቢያዎች ሁሉ ነርሶችንና ጤና መኮንኖችን እናሠለጥናለን፤ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥም በጀት እንመድባለን። የወጣው ሕግ እንዲሠራ ድምፃችሁን ስጡን!